የነሐስ ሳንባ

ስለ ሲጋራ ፋብሪካው «ሰው ይፈጃል» እየተባለ ብዙ ተወርቷል፤ ሬሳው እዚያው ግቢ ውስጥ ሲገኝ ግን ይህ የመጀመሪያው ነበር።

ሐኪሙ ከክሊኒኩ ወለል ላይ በግንባሩ ተደፍቷል። ነጭ ጋዋኑ ትከሻው ላይ ተሰብስቧል፤ አንድ ጫማው ወልቆ ከመመርመሪያው አልጋ ሥር ገብቷል። ከራሱ አጠገብ ከነሐስ የተሠራ ጥንድ ሳንባ ወድቋል፤ አንድ ክንድ የሚያህል፣ ለማንሳት ሁለት እጅ የሚፈልግ። ከሥሩ ባለው እብነ በረድ ላይ «ለሠራተኞቹ ጤና ላደረገው የላቀ እንክብካቤ ለፋብሪካው የተሰጠ ሽልማት» የሚል ተቀርጾበታል። የግራው ሳንባ ደም ለብሷል።

ኢንስፔክተሩ ጽሑፉን ሁለት ጊዜ አነበበው። መሳቅም ማዘንም አቃተው። ከኪሱ የሚንት ከረሜላ አወጣና አፉ ውስጥ ወረወረ።

«ስንተኛው ነው ጌታዬ?» አለች ሳጅኗ።

«ከረሜላው?»

«ቀኑ።»

«አሥራ ዘጠነኛው።»

ሲጋራ ያቆመው ሚስቱ «ወይ እኔ ወይ እሷ!» ካለችው ቀን ጀምሮ ነው። ደንግጦ «ደግሞ እሷ ማን ናት?» ሊል ሲል ጣቷ ወደ ሲጋራው ፓኮ ሲጠቁም አየ። ከሁለቱ ቀድሞ ያወቀው ሲጋራዋን ቢሆንም የመረጠው ሚስቱን ነው። ያም ሆኖ በደረት ኪሱ ውስጥ አንዲት ሲጋራ በወረቀት ተጠቅልላ «ለክፉ ቀን» ተቀምጣለች። ይህን ሚስቱ አታውቅም፤ ሳጅኗ ታውቃለች፤ አውቃም አፏን ይዛለች። ዛሬ ደግሞ ከከተማው ወንጀል ሁሉ ተመርጦ የደረሰው ይህ ሆነ። የተራበን ሰው ዳቦ ቤት በዘበኝነት እንደ መቅጠር ነው። ከበሩ ጀምሮ አየሩ ማር የተቀባ ቆዳ ይሸታል። በየግድግዳው ደግሞ በቀይ ቀለም «ማጨስ ክልክል ነው» ተብሎ ተጽፏል። ይሠራል፣ ይታሸጋል፣ ይጫናል፤ ማጨስ ግን ክልክል ነው።

«የሳንባው አሻራስ?»

«የሽልማቱ ቀን ፋብሪካው በሙሉ እያቀፈው ፎቶ ተነስቷል። የግቢዋ ድመት አሻራም ሳይኖርበት አይቀርም» አለች ሳጅኗ። «ለማንኛውም ተጠርጣሪዋ ተይዛለች እያሉ ነው። እጃቸው በደም ተነክሮ ነው የተገኙት። የአራት ሰዓት ከሩቡ የዕረፍት ጡሩምባ ከተነፋ ሁለት ደቂቃ በኋላ ከዚህ ክፍል ጮኸው ወጡ።»

«ተይዛለች ወይስ ተይዘዋል?»

«ሲያዩዋቸው እርስዎም 'ተይዘዋል' ነው የሚሉት።»

*

የፋብሪካው ሰው ሁሉ እማማ ቅጠል ይላቸዋል። ሠላሳ አንድ ዓመት የትምባሆ ቅጠል መርጠዋል፤ ደረቁን ከእርጥቡ፣ ጤነኛውን ከሻገተው። አሁን በመድኃኒት ማከማቻው ውስጥ ጠባብ አግዳሚ ላይ ተቀምጠው፣ ደም የነካ እጃቸውን ከቀሚሳቸው አርቀው ይዘዋል። ሲተነፍሱ ከደረታቸው ፉጨት ይወጣል፤ ዘይት ቀምሶ የማያውቅ በር በነፋስ ሲከፈት ሲዘጋ ይመስላል።

«እማማ፣ ትናንት ሐኪሙን 'ገዳይ' ብለውታል አሉ። መራጩ ሁሉ ሰምቷል» አለ ኢንስፔክተሩ አጠገባቸው ቁጢጥ ብሎ።

«ብዬዋለሁ። ምን እደብቅሃለሁ ልጄ?» ፉጨት። «ስምንት ዓመት ሙሉ 'ብርድ ነው እማማ፣ ትኩስ ትኩስ ነገር ይጠጡ' ሲለኝ ኖረ። ትናንት ጠርቶኝ ራጄን ብርሃን ላይ ለጠፈው። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፤ ቅጠል ግን አውቃለሁ። የሻገተ ቅጠል ብርሃን ላይ ሲያዩት ምን እንደሚመስል ከኔ በላይ የሚያውቅ የለም። እሱኑ ደረቴ ውስጥ አየሁት።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ የአፌን ተናገርኩ። እሱ አለቀሰ። ያን የሚያህል ሰው ቁጭ ብሎ እንደ ሕፃን! 'ላይ ፎቅ ያሉት እንዲህ በላቸው ሲሉኝ አልኳችሁ፤ አሁን ግን በቃኝ። የአርባ ሦስታችሁን ራጅ ሰብስቤያለሁ፣ ከነገ ወዲያ ጠዋት ይዤ የከተማው የጤና ኮሚቴ ፊት እቀርባለሁ' አለኝ።» እማማ ቅጠል ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ። «ሌሊቱን ሳስብ አደርኩ። ዛሬ ጡሩምባው ሲነፋ የመጣሁት ይቅር ልለው ነበር። ተደፍቶ አገኘሁት። ራሱን አቀናሁትና ጆሮው ሥር 'ይቅር ብዬሃለሁ' አልኩት። ይስማ አይስማ እንጃ።»

ኢንስፔክተሩ ከረሜላውን ሳያላምጥ ዋጠው።

ወደ ምርመራ ክፍሉ ተመልሶ የራጅ መሳቢያውን ሳበ። ባዶ ነው። ሁለተኛው፣ ሦስተኛው፣ ባዶ። አርባ ሦስት ደረት ከነጎድን አጥንቱ ጠፍቷል።

«እኚህ ሴትዮ በሁለት ደቂቃ ውስጥ ሰው ገድለው፣ አርባ ሦስት ራጅ ውጠው፣ ለመጮህ ትንፋሽ ተረፋቸው ማለት ነው?» አለ። «እሳቸው እኮ 'ደህና ነኝ' ለማለትም መሀል ላይ ያርፋሉ!»

ስልኩ ጮኸ። አዛዡ ነበሩ።

«ሴትዮዋን ይዘሃል?»

«አግኝቻቸዋለሁ እንጂ አልያዝኳቸውም ጌታዬ።»

«እጇ ላይ ደም፣ አፏ ላይ ዛቻ፤ ሌላ ምን ይምጣልህ? መላእክት ይመስክሩልህ? ከላይ ተደውሎልኛል። እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ሌላ ሰው ካላመጣህልኝ ወደ ዋናው ማረፊያ ቤት ትዛወራለች። በቃ።»

ስልኩ ተዘጋ። ሳጅኗ ከአዛዡ ድምፅ ውስጥ የሚበቃትን ሰምታለች።

«ማረፊያ ቤቱን ያውቁታል» አለች ቀስ ብላ። «ስልሳ ሰው፣ አንድ መስኮት። ቀን ከሌት ይጨስበታል። እኚህ ሴት እዚያ ገብተው አያነጉም።»

«አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ!» ኢንስፔክተሩ ሰዓቱን አየ። ስድስት ተኩል። ደሙ ሲሞቅ ተሰማው፤ ከአሥራ ዘጠኝ ቀን ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲጋራ ሳይሆን ሰው አማረው። «ነይ! ከአራት ሰዓት ከሩብ በፊት እዚህ ግቢ ውስጥ ማን የት እንደነበረ አንድም ሰው ሳይቀር ካፉ እንፈልቅቅ።»

*

መጀመሪያ የተፈለቀቀው አፍ ራሱ ፈልጎ መጣ። የፋብሪካው የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊ ነው፤ ሠራተኛው «መግለጫ» ይለዋል። ሙሉ ልብስ፣ የሎሚ ሳሙና ሽታ፣ እንደ አዲስ ሳህን የሚያብለጨልጭ ጥርስ።

«ድርጅታችን በደረሰው ድንገተኛ ክስተት የተሰማውን ጥልቅ ሐዘን እየገለጸ፣ ከሚመለከታቸው አካላት ጋር በቅርበት...»

«እርስዎ የት ነበሩ?» አለ ኢንስፔክተሩ።

«ይቅርታ?»

«ድርጅቱ ሲያዝን እርስዎ የት ነበሩ? ከአራት ሰዓት በፊትና በኋላ።»

መግለጫ ፈገግ አለ። «ማጨሻ ቤት። የነገው የኮሚቴ ስብሰባ ሲያስጨንቀኝ ሦስት አከታትዬ አጨስኩ። መጥፎ ልማድ ነው፤ ግን ሰው የራሱን ምርት ካላመነ ማን ያምንለታል? ዘበኛውን ይጠይቁት።»

ዘበኛው ተጠየቀ። ከበሩ አጠገብ ካለች በርጩማው ላይ ሆኖ ማጨሻ ቤቷን በጣቱ አሳየ። በሦስት በኩል ቆርቆሮ ናት፤ በአራተኛው የተለጠፈችው ከክሊኒኩ ግድግዳ ጋር ነው። ጣሪያዋ እስከ እኩሌታ ክፍት ነው።

«ለአራት አምስት ጉዳይ ሲል ገባ፤ አራት ከአሥራ ሁለት ላይ ወጣ። ዓይኔን ግንባር ያድርገው!» አለ ዘበኛው። «ያቺን የፖስተር ቱቦውን እንደ ወትሮው በብብቱ ሸጉጦ። መሀል ላይ አልወጣም። ጭሱ ቀጥ ብሎ በጣሪያው ሲወጣ እያየሁት ነበር።»

«እሱን ራሱንስ?»

«ግድግዳ የሚያልፍ ዓይን የት አባቴ አመጣለሁ? እኔ የማየው በሩንና ጭሱን ነው። ጭስ ካለ አጫሽ አለ።»

«ሌላ ሰው ገብቶ ነበር?»

«ከዕረፍት በፊት ማን ደፍሮ? አለቃ ብቻ ነው። የጽዳቷ ልጅ አሸዋውን ሦስት ሰዓት ላይ አጥርታ ሄዳለች። ጡሩምባው ሲነፋ ደግሞ እሪታው ቀለጠ፤ ሁሉም ወደ ክሊኒኩ ሮጠ፤ አንድም ሰው አላጨሰም።»

ማጨሻ ቤቷ ውስጥ አሸዋ የተሞላ በርሜል ቆሟል። አሸዋው ላይ ሦስት ቁራጮች ተጋድመዋል። ኢንስፔክተሩ ጨረፍ አድርጎ ቆጠራቸውና እባብ ያየ ይመስል ፊቱን አዞረ።

«አንቺ ልቀሚያቸው» አለ አፍንጫውን ይዞ።

«ደህና ነዎት?»

«ደህና ነኝ። ሦስት ናቸው፣ ሰውየውም ሦስት ብሏል፣ በላስቲክ አሽጊያቸውና ካይኔ ሥር አጥፊልኝ።»

ሳጅኗ በሕይወቷ አንድም ቀን አጭሳ አታውቅም። የምታውቀው ማስረጃ በወረንጦ እንደሚነሳ ነው። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ብላ በላስቲክ ከተተቻቸው፤ ኢንስፔክተሩ ደግሞ እስክትጨርስ ድረስ የክሊኒኩን ግድግዳ ሲያጠና ቆየ። ግድግዳው ላይ መስኮት አለ፤ ከነመዝጊያው አረንጓዴ ቀለም ተቀብቷል።

«ይህ መስኮት ይከፈታል?»

«ከተዘጋ ዓመቱ ነው» አለ ዘበኛው ከውጭ። «ጭሱ እየገባ በሽተኞቹን አሳላቸው ተብሎ። ማጨሻ ቤቱን ከሚያነሱ መስኮቱን መዝጋት ይቀላል አሉ።»

*

ሰባት ሰዓት አለፈ፤ ስምንት ሰዓት አለፈ። ዋና ሥራ አስኪያጁ ስብሰባ ላይ ነበሩ፤ ሃያ ሰው ይመሰክራል። የመራጮቹ አለቃ ከመራጮቹ ጋር ነበረች። እማማ ቅጠልን የሚመለከተው ሰዓት ብቻ እየገሰገሰ ነበር።

ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ ላይ ሳጅኗ በሐኪሙ ጠረጴዛ ላይ፣ ከወረቀት ሥር፣ ምንም ያልተጻፈበት ነጭ የሲጋራ ፓኮ አገኘች።

«ስም የሌለው ሲጋራ!» አለች።

«የቀማሹ ነው» አለ ዘበኛው ሲያሳዩት፣ አይቶ ሳይጨርስ። «የሱ ብቻ ነው እንዲህ ያለው። ከመታተሙ በፊት እሱ ካልቀመሰው አይወጣም።»

ደረጃውን ሁለት ሁለቱን ዘለሉት። የቀማሹ ክፍል ከላይ ፎቅ በታች፣ ከማሽኖቹ በላይ ነው። ሃምሳ ዓመት የሚሆነው፣ ጣቶቹ የለውዝ ቆዳ የመሰሉ ሰው ከአንድ ትልቅ የመስታወት ሳጥን አጠገብ ቆሟል። ድምፁ ከጉድጓድ ውስጥ ይመጣል።

«ክሊኒክ? ዛሬ አልሄድኩም።»

ኢንስፔክተሩ ነጩን ፓኮ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠለት።

ቀማሹ ፓኮውን አየ፤ ኢንስፔክተሩን አየ፤ ተቀመጠ። «ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ አሉ! ሄጃለሁ። ለአራት ሩብ ጉዳይ። ሐኪሙ የማሽን ክፍሉን ሊዞር ሲነሳ ደርሼ ለመንኩት።»

«ምን ብለው?»

«ራጄን ከዚያ ፖስታ ውስጥ አውጣልኝ ብዬ። አርባ ሦስተኛው እኔ ነኝ። በቀን ስልሳ እቀምሳለሁ ኢንስፔክተር፤ ሥራዬ ነው። ሳንባው የተበሳ ቀማሽ ማን ይፈልጋል?»

«አላወጣልዎትም።»

«አላወጣልኝም። ግን አቀፈኝ፤ እስከዚህ ሸኝቶኝም መሣሪያውን ሊያነሳ ወደ ክሊኒኩ ተመለሰ። ለዙሩም በኔ ምክንያት ዘገየ።» ቀማሹ ከንፈሩን ነከሰ። «ዘግይቶ ነው የሞተው፣ አይደል? በጊዜው ወጥቶ ቢሆን ኖሮ...»

«ከዚያ የት ሄዱ?» ኢንስፔክተሩ ጠረጴዛው ላይ ተደግፎ ጠጋ አለ። ደረሰበት! ምክንያት አለ፣ ፓኮው አለ፣ መጀመሪያ ዋሽቷል!

«እዚህ። ከዚህች ጋር።» ቀማሹ የመስታወቱን ሳጥን መታ መታ አደረገ። «አጫሿ ማሽን ናት። ሃያ ሲጋራ ባንዴ ትስባለች። በየአምስት ደቂቃው ቁልፏን እኔ ካልተጫንኩላት ትቆማለች፤ በተጫንኩ ቁጥር ሰዓቱን ታትማለች፤ እኔ ደግሞ እፈርማለሁ።»

ከማሽኗ አፍ የወጣውን ረጅም ወረቀት ዘረጋው። ሦስት ከሃምሳ አምስት። አራት ሰዓት። አራት ከአምስት። አራት ከአሥር። አራት ከሩብ። ከየሰዓቱ ጎን የምትንቀጠቀጥ ፊርማ።

የኢንስፔክተሩ ተስፋ እንደ ተበሳ ፊኛ ሟሸሸ። ዘጠኝ ሰዓት ተኩል። እማማ ቅጠልን የሚወስደው መኪና አሁን ነዳጅ እየቀዳ ይሆናል። እጁ ሳያስበው ወደ ደረት ኪሱ ሄደ። ክፉ ቀን ማለት ይኸው አይደለም እንዴ?

በዚያች ቅጽበት ማሽኗ ቂው አለችና ሃያ ቁራጮች ትሪ ላይ ተፋች። ሳጅኗ ጎንበስ ብላ አየቻቸው።

«ለምንድን ነው የነዚህ ፊልተር ቡናማ የሆነው?» አለች።

«ስላጨሰቻቸው ነዋ!» አለ ቀማሹ።

«የኛዎቹ እኮ ነጭ ናቸው።»

የኢንስፔክተሩ እጅ ደረት ኪሱ ላይ ቆመ።

«ምን አልሽ?» አለ ኢንስፔክተሩ።

«ከማጨሻ ቤቱ ያነሳናቸው፤ ፊልተራቸው ነጭ ነው። እኔ የሲጋራው ዓይነት መስሎኝ...»

«አምጪያቸው!»

ላስቲኩ ጠረጴዛው ላይ ወጣ። በአሥራ ዘጠኝ ቀን ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ኢንስፔክተሩ የሲጋራ ቁራጭ ላይ ዓይኑን ተከለ። ሦስቱም እስከ ፊልተሩ ድረስ ነደዋል፤ ሦስቱም ፊልተር ግን ከፋብሪካ እንደ ወጣ በረዶ መስሏል።

«ጭስ ያልተሳበበት ፊልተር ነው የሚነጣው» አለ ቀማሹ፣ ከጉድጓዱ ድምፅ ውስጥ ሳቅ ሊወጣ እየታገለ። «እነዚህን ሰው አላጨሳቸውም። ተለኩሰው ተቀምጠው፣ ብቻቸውን ነደው አለቁ። ይህን እታች ያለ ሰው ሁሉ ያውቃል፤ ጠራጊዋ እንኳ ታውቃለች! የማያውቅ ቢኖር ላይ ፎቅ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት እዚህ ስሠራ ከላይ ፎቅ ወርዶ እሳት የለመነኝ ሰው የለም።»

ኢንስፔክተሩ ግንባሩን በመዳፉ መታ። «አፍንጫዬን ይዤ ዓይኔን ጨፈንኩ! ሦስት ሲጋራ አጭሻለሁ ያለኝ ሰውዬ እኮ የሎሚ ሳሙና ነበር የሚሸተው! ዘበኛው ያየው ጭሱን ነው፤ ሰውየውን አላየም!»

«ከዚያች ቆርቆሮ ቤት ግን በምን ይወጣል?» አለች ሳጅኗ።

እሱ በሩ ላይ ደርሷል። «ቁራጮቹን ላለማየት ስል ቆሜ ሳጠናው በነበረው ነገር!»

በሩጫ ወረዱ። አረንጓዴው መስኮት ላይ ኢንስፔክተሩ ሁለት ጣቱን አሳርፎ ገፋ አደረገው። ሳይጮህ፣ ሳያንገራግር ተከፈተ። የቀለሙ ጠርዝ በምላጭ ዙሪያውን ተቀዷል፤ ማጠፊያው ትኩስ ዘይት ጠጥቷል። ወዲያ በኩል፣ በሦስት እርምጃ፣ የራጅ መሳቢያው አፉን ከፍቶ ይታያል።

*

የመግለጫ ቢሮ ምንጣፍ ጫማ ይውጣል። ግድግዳውን ተደግፈው ሃያ የሚሆኑ የካርቶን ቱቦዎች ተደርድረዋል፤ አንዱ ፖስተር ተዘርግቶ ተሰቅሏል። አንድ መልከ መልካም ጎልማሳ በመስኮት አሻግሮ ያያል፤ ከሥሩ «ወጣቱ ሆይ፣ ቆይ! ሲጋራ የአዋቂ ምርጫ ነው» ይላል።

«ኢንስፔክተር! ሴትዮዋ አመኑ?» አለ መግለጫ ከወንበሩ ብድግ ብሎ።

«አንድ ውለታ ፈልጌ ነው የመጣሁት።» ኢንስፔክተሩ ከደረት ኪሱ ጥቅልሏን አወጣ። ወረቀቱ ተፈታ፤ ሲጋራዋ ጠረጴዛው ላይ ተጋደመች። «ካቆምኩ አሥራ ዘጠኝ ቀኔ ነው። ለሚስቴ ቃል ገብቻለሁ። እርስዎ ያጭሱልኝና እኔ አጠገብዎ ቆሜ ላሽትት። ሰው ለሰው መድኃኒቱ ነው።»

«ዛሬ እንኳ በዛብኝ...»

«የሦስት ሲጋራ ሰው አራተኛ አይገደውም!»

መግለጫ ሳቀ። ከመሳቢያው የፋብሪካው ምልክት ያለበት ላይተር አወጣ፤ ገና ከላስቲኩ አልወጣም ነበር። ሲጋራዋን እንደ እስክሪብቶ በጣቶቹ ይዞ፣ ከአፉ አርቆ፣ እሳቱን ጫፏ ላይ ደገነባት። ጠቆረች። አልነደደችም። ደገመ። ጎኗ ተለበለበ እንጂ አልያዘችም። ላቡ ግንባሩ ላይ ችፍ አለ።

«ካልሳቧት በቀላሉ አትይዝም» አለ ኢንስፔክተሩ እንደ አስተማሪ። «እዚያ ማጨሻ ቤት ውስጥ ሦስቱን በዚህ ዓይነት ለማያያዝ ሳይለፉ አልቀሩም። አፍዎ ላይ ያድርጓት። እንዲያ። ሳብ ያድርጉ!»

መግለጫ ሳበ።

ሳሉ ከእግሩ ጥፍር ተነስቶ የመጣ ይመስል ነበር። ዓይኑ ቀላ፣ እንባው ወረደ፣ ጠረጴዛውን ይዞ ተንጠለጠለ። ሳጅኗ ጀርባውን ቸብ ቸብ እያደረገች፣ «ይማርዎት ጋሼ፤ ብርድ ነው፤ ትኩስ ትኩስ ነገር ይጠጡ» አለችው።

ኢንስፔክተሩ ሦስቱን ነጫጭ ቁራጮች አንድ በአንድ ፊቱ ደረደረ። ሳጅኗ ደግሞ ወደ ቱቦዎቹ ሄዳ አንድ በአንድ በእጇ መዘነቻቸው። ቀላል። ቀላል። ቀላል። ሰባተኛውን ስታነሳ ክንዷ ዝቅ አለ። ክዳኑን ነቅላ ዘቀዘቀችው። ከመልከ መልካሙ ጎልማሳ ፖስተር ውስጥ ጥቁር ራጆች እየተንሸራተቱ ወጡና ምንጣፉ ላይ ተዘረጉ፤ ደረት በደረት ላይ፣ ጎድን በጎድን ላይ።

መግለጫ ተቀመጠ። ሲናገር ድምፁ የተለመደው አልነበረም።

«በአራት ሰዓት ሁልጊዜ የማሽን ክፍሉን ይዞራል። አይኖርም ብዬ ነው የገባሁት። ራጆቹን ብቻ ይዤ ልወጣ። ጠቅልዬ ቱቦው ውስጥ ከትቼ ዞር ስል በሩ ላይ ቆሟል። 'አስቀምጠው' አለኝ። ጩኸት አልነበረውም፤ ቀስ ብሎ ነው ያለው። ነገ ሁሉንም ይናገራል። አሥር ዓመት ሙሉ 'አንድም ሠራተኛ አልተጎዳም' ብዬ የፈረምኩበት አለ። እጄ የደረሰበትን አነሳሁ።»

«የጤና ሽልማታችሁን።»

መግለጫ ከኪሱ መሐረብ አወጣ።

«አንድ ነገር ብቻ ይንገሩኝ» አለ ኢንስፔክተሩ። «ለአሥር ዓመት ሲጋራ ሸጠው አንድም ቀን አላማረዎትም?»

መግለጫ እንባውን በመሐረብ እየጠረገ፣ ጥያቄው እውነት የገረመው ይመስል ቀና ብሎ አየው።

«ላይ ፎቅ ካለነው ማናችንም አናጨስም። ልጆቻችንንም አናስጠጋም። ምን ነካዎት? እኛ እኮ ጥናቱን አንብበነዋል።»

*

ለአሥራ አንድ ሰዓት አሥር ጉዳይ ሲሆን ወሳጁ መኪና ግቢው ውስጥ ገባ። ባዶውን አልተመለሰም፤ ያሳፈረው ግን ሙሉ ልብስ የለበሰ ሰው ነው። አዛዡ በስልክ «ላይ ላሉት ምን ልበል?» ብለው ነበር፤ ኢንስፔክተሩም «ከላይ የመጣ ነው ይበሏቸው» አላቸው።

እማማ ቅጠል እጃቸውን ታጥበው የክሊኒኩ ደረጃ ላይ ተቀምጠዋል። ኢንስፔክተሩ አጠገባቸው ተቀመጠና ሁሉንም ነገራቸው። ስለ መስኮቱ፣ ስለ ቱቦው፣ ስለ ሐኪሙ የመጨረሻ ቃል።

«'አስቀምጠው' አለ?» አሉ እማማ ቅጠል።

«አዎ፣ እማማ።»

«እንግዲያስ ይቅርታዬ አልባከነም።» ደረታቸው አፏጨ። «ራጆቹንስ ነገ ማን ይወስዳቸዋል?»

ኢንስፔክተሩ አንገቱን ደፋ። «ማስረጃ ሆነዋል። ታሽገዋል። ለኮሚቴው ይድረሱ ብዬ እጽፋለሁ፤ ግን ነገ አይደርሱም። ወር ሁለት ወር ይፈጃል።» ሳያስበው እጁን ወደ ደረት ኪሱ ሰደደ። ኪሱ ባዶ ነው።

«ማስረጃ ቁጥር አራት» አለች ሳጅኗ ከኋላው። «እሷም ታሽጋለች። ፈርመውባታል።»

እማማ ቅጠል በእጃቸው ደረጃውን ተደግፈው ተነሱ። መነሳቱ ብቻ ሁለት ጊዜ አሳረፋቸው።

«ኮሚቴው ስንት ሰዓት ነው የሚሰበሰበው?»

«ሦስት ሰዓት ላይ። ለምን?»

«እሄዳለኋ! ራጅ ባይኖር ደረቱ አለ አይደል? ፊታቸው ቆሜ እተነፍሳለሁ። ያዳምጡት።»

ኢንስፔክተሩና ሳጅኗ ተያዩ።

«እማማ፣ ስብሰባው አራተኛ ፎቅ ላይ ነው» አለ ኢንስፔክተሩ። «አሳንሰሩ ደግሞ ከተበላሸ ሰንብቷል። በደረጃ ነው።»

እማማ ቅጠል ነጠላ ጫማቸውን አስተካክለው ወደ በሩ መራመድ ጀመሩ።

«ይሻላል» አሉ ሳይዞሩ። «እዚያ ስደርስ በደንብ ይሰማል።»